የማይከማች ምርት፦ የአገልግሎት ኢኮኖሚክስ ታሪክና የመሐንዲሶች ድርሻ

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ የኢኮኖሚክስ ትምህርት የሚጀምር ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚቀርቡለት ምሳሌዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዳሰሱ ዕቃዎች ናቸው። ስንዴ፣ ጨርቅ፣ ብረት፣ ቡና ይመረታሉ፤ መጋዘን ይገባሉ፤ ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ ዋጋቸውም አቅርቦትና ፍላጎት በሚገጣጠሙበት ነጥብ ላይ ይወሰናል። ይኸው ተማሪ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣው በአውቶቡስ ነው፤ ማታ የሚያጠናው በኤሌክትሪክ ብርሃን ነው፤ ከወላጆቹ ጋር የሚነጋገረው በስልክ ነው፤ የሚማረው ትምህርት ራሱም ቢሆን ዕቃ ሳይሆን አገልግሎት ነው።

አገልግሎትን ከዕቃ የሚለየው ዋናው ጠባይ የማይከማች መሆኑ ነው። ያልተሸጠ አንድ ኩንታል ስንዴ ለከርሞ ይቆያል፤ ባዶውን የሄደ የአውቶቡስ ወንበር ግን ተመልሶ አይሸጥም። ከዚህ አንድ ጠባይ የተነሣ፣ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ምን ያህል አቅም ይኑረው፣ ዋጋውንስ በምን ሚዛን ይቁረጥ፣ ያስገኘው ጥቅምስ እንዴት ይለካ የሚሉት ጥያቄዎች ከዕቃ ገበያ በተለየ አኳኋን መታየት ይኖርባቸዋል። የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ሲመረመር አንድ ሊታለፍ የማይገባው ነገር ይገኛል። ይኸውም የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት አገልግሎት ሀብት ነው ወይስ አይደለም እያሉ ሲከራከሩ፣ ድልድይ የሚሠሩ፣ የቴሌፎን መስመር የሚዘረጉና የኤሌክትሪክ ታሪፍ የሚያወጡ ባለሙያዎች ከሥራቸው በመነሣት መልሱን ማግኘት መጀመራቸው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሀብት መዝገብ ውጭ የተደረገው ሥራ

የስኮትላንዱ ሊቅ አዳም ስሚዝ በ1776 ስለ ሕዝቦች ሀብት ባሳተመው መጽሐፍ ሥራን ሁሉ አምራችና አምራች ያልሆነ ሲል ከሁለት ከፍሎታል። የፋብሪካ ሠራተኛ ድካም ለሽያጭ በሚቀርብ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ዕቃው ይቆያል። የቤት አሽከር ድካም ግን በተሠራበት ቅጽበት ስለሚጠፋ የሚቀር ነገር የለውም። ስሚዝ በዚሁ ክፍል ውስጥ ከአሽከሩ ጋር ንጉሡን፣ ዳኛውን፣ ወታደሩን፣ ካህኑን፣ ጠበቃውን፣ ሐኪሙን፣ የሥነ ጽሑፍ ሰውን፣ ዘፋኙንና ተወዛዋዡን አሰልፏል። ስሚዝ ራሱ ከዚያ ቀደም በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ መምህር ስለ ነበር፣ በገዛ ሚዛኑ የቀድሞ ሥራውም ከዚሁ ወገን ነበር ማለት ነው።

ስሚዝ እነዚህን ሙያዎች መናቁ አልነበረም፤ ከመካከላቸው እጅግ የከበሩ እንዳሉ አልካደም። ያሳሰበው ግን አንድ አገር ለነገ ሥራ የሚሆን ካፒታል እንዴት ያከማቻል የሚለው ጉዳይ ስለ ነበር፣ የማይከማቸውን ነገር ከሂሳቡ ውጭ አደረገው። ፈረንሳዊው ዣን ባቲስት ሴ በ1803 ባወጣው መጽሐፍ ይህን አከፋፈል ተቃወመ። ሐኪም በሽተኛውን ጎብኝቶ መድኃኒት አዝዞ ቢሄድ፣ ለቤተሰቡ የሚዳሰስ ዕቃ ትቶ ባይሄድም ምክሩ ዋጋ ያለው ምርት ነው፤ ልዩነቱ በተመረተበት ቅጽበት የሚፈጅ መሆኑ ብቻ ነው ሲል አስረዳ። ሴ ይህን ዓይነቱን ምርት ግዑዝ አካል የሌለው ምርት ብሎታል።

ክርክሩ በመጻሕፍት ውስጥ ብቻ አልቀረም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በሶቪየት ኅብረት የተሠራበት የአገር ሀብት አመዘጋገብ በቁሳዊ ምርት ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር፣ የጭነት ማመላለሻ በብሔራዊ ገቢ ውስጥ ሲቆጠር የመንገደኛ ማመላለሻ፣ ትምህርትና ሕክምና አይቆጠሩም ነበር። ስንዴውን የጫነው ባቡር ሀብት ጨመረ ይባላል፤ ስንዴውን ያመረተውን ገበሬ የጫነው ባቡር ግን አልጨመረም ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በበኩሉ በ1953 ያወጣውና በ1968 ያሻሻለው የብሔራዊ ሂሳብ ሥርዓት አገልግሎቶችን ከምርት ይቆጥራቸው ነበር። ሁለቱ አመዘጋገቦች ለአሥርተ ዓመታት ጎን ለጎን ከቆዩ በኋላ፣ የ1993ቱ ሥርዓት ሲወጣ የቁሳዊ ምርቱ አመዘጋገብ እየቀረ ሄደ።

የድልድዩ ጥያቄ

ስለ ከርሰ ምድር ውሃ የተማረ ሲቪል መሐንዲስ ሁሉ የዡል ዱፕዊን ስም ያውቃል። ወደ ጕድጓድ የሚፈስሰውን ውሃ መጠን ለማስላት ፍሰቱ አግድም ነው ብሎ የሚነሣው ቀመር የሚጠራው በዚህ ፈረንሳዊ ስም ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው የሕዝብ ሥራዎችን ጥቅም ለመለካት መሠረት የጣለ መሆኑ በመሐንዲሶች ዘንድ ብዙ አይታወቅም። ዱፕዊ በ1804 ተወልዶ በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ተምሮ በመንግሥት የድልድይና የመንገድ መሐንዲሶች ጓድ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነበር። በ1844 በመሐንዲሶቹ መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ የሕዝብ ሥራዎች ጥቅም እንዴት ይለካል የሚለውን ጥያቄ አንሥቷል።

ነገሩ በቀላል ምሳሌ ሊታይ ይችላል። በቀን 1,000 ሰዎች ያለ ክፍያ ሊሻገሩበት የሚፈልጉ አንድ የእግረኛ ድልድይ አለ እንበል። ከእነዚህ መካከል 400ው መሻገሩ እስከ 10 ሳንቲም፣ ሌሎቹ 300 እስከ 5 ሳንቲም፣ የቀሩት 300 እስከ 2 ሳንቲም ያወጣላቸዋል። ባለቤቱ ለአንድ ማለፊያ 10 ሳንቲም ቢጠይቅ 40 ብር ያገኛል፤ 5 ሳንቲም ቢጠይቅ 35 ብር፤ 2 ሳንቲም ቢጠይቅ 20 ብር ያገኛል። ትርፉን የሚያስብ ባለቤት 10 ሳንቲሙን ይመርጣል። ድልድዩ ያለ ክፍያ ቢከፈት ገቢው ዜሮ ነው፤ ለተሻጋሪዎቹ የሚሰጠው ጥቅም ሲደመር ግን 61 ብር ይሆናል። በ10 ሳንቲሙ ታሪፍ 600 ሰዎች በወንዙ ማዶ ይቀራሉ፤ የ21 ብር ጥቅምም ለባለቤቱም ለሕዝቡም ሳይሆን ይጠፋል። ድልድዩ ደግሞ ከተሠራ ወዲያ አንድ ተጨማሪ ሰው ቢያልፍበት ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። የአንድ አገልግሎት ገቢ የጥቅሙ መለኪያ አይደለም፤ ገቢው ሲያድግ ጥቅሙ ሊቀንስ ይችላል፤ ገቢው ዜሮ ሲሆንም ጥቅሙ ከሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ዱፕዊ የደረሰበትን ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ስላስፋፋው፣ ዛሬ ተማሪዎች የተጠቃሚ ትርፍ በሚል ስም ይማሩታል። በሰሌዳው ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን መነሻው ድልድይ መሆኑ ግን እምብዛም አይነገራቸውም።

ዱፕዊ በ1849 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ስለ ባቡር መንገደኞች ደረጃ ጽፏል። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ኩባንያዎች የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎችን ጣሪያ የሌላቸው ያደርጉ ነበር። ይህ የሆነው ለጣሪያው የሚወጣው ገንዘብ በዝቶባቸው እንዳልሆነ ዱፕዊ አስተዋለ። የሁለተኛውን ማዕረግ ዋጋ መክፈል የሚችለው መንገደኛ ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ለመከልከል ነው፤ ድኻው የሚመታው ሊጎዱት ፈልገው ሳይሆን ባለገንዘቡን ለማስፈራራት ነው። አገልግሎት ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ሊሸጋገር ስለማይችል፣ ሻጩ ደንበኞቹን ለይቶ የተለያየ ዋጋ ሊያስከፍላቸው መቻሉን ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አሜሪካዊው ሃሮልድ ሆቴሊንግ በ1938 የዱፕዊን ሐሳብ እንደገና አንሥቶ፣ ድልድይና ባቡር ለአንድ ተጨማሪ ተጠቃሚ በሚወጣው ወጪ ልክ ብቻ ማስከፈል እንዳለባቸው፣ የግንባታው ዕዳም በግብር መሸፈን እንዳለበት ተከራከረ። ሮናልድ ኮዝ በ1946 የሰጠው መልስም ቀላል አልነበረም። ተጠቃሚዎቹ ሙሉውን ወጪ ለመክፈል ፈቃደኞች መሆናቸው ካልተፈተነ፣ ድልድዩ መጀመሪያውኑ ሊሠራ ይገባው እንደ ነበር በምን ይታወቃል? የማይሻገረው ግብር ከፋይስ ስለምን ይከፍላል? ሲል ጠየቀ። መውጫ ብሎ ያመለከተውም ቋሚ መዋጮንና በአጠቃቀም ልክ የሚታሰብ ክፍያን ለይቶ ማስከፈልን ነው። በስልክና በመብራት ሂሳብ ላይ ቋሚ ክፍያና የፍጆታ ክፍያ ተለይተው ሲታዩ የሚገኘው ይህ አከፋፈል ነው።

የቴሌፎኑ መስመርና የምሽቱ መብራት

ድልድዩ ባዶ በሆነ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው። ተጠቃሚው በአንድ ሰዓት ተሰብስቦ ሲመጣስ? የኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ በ1908 የቀጠረው የሂሳብ ሊቅ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የተሰጠው ሥራ ይህ ነበር። ደንበኞች መቼ እንደሚደውሉ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ መስመር መዘርጋትም አይቻልም። ኤርላንግ በ1909 የመጀመሪያውን ጥናት አወጣ፤ በ1917 ደግሞ በተወሰኑ መስመሮች ላይ ምን ያህሉ ጥሪ ሳይሳካ እንደሚቀር የሚያሰላውን ቀመር አቀረበ። ከሞተ በኋላም የቴሌፎን ትራፊክ መለኪያ በስሙ ኤርላንግ ተባለ።

በዚሁ ቀመር መሠረት ከመቶ ጥሪ አንዱ ብቻ እንዲወድቅ ቢፈቀድ፣ 10 መስመሮች 4.46 ኤርላንግ ያህል ጭነት ይሸከማሉ። 100 መስመሮች በአንድ ላይ ሲሆኑ ግን 84 ያህል ይሸከማሉ። አሥር አሥር መስመር ያላቸው አሥር የተለያዩ ማዕከሎች የሚሸከሙት ሲደመር 44.6 ብቻ ስለሆነ፣ ያው መሣሪያ በመቀናጀቱ ብቻ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። የአገልግሎት ድርጅቶች ስለምን እየተዋሐዱ እንደሚሰፉ፣ ትንሹ ማዕከልስ ስለምን ለአንድ ደንበኛ ብዙ ወጪ እንደሚጠይቅ ለማስረዳት ይህ ስሌት ከብዙ ገጽ ትንተና ይበልጣል። ስሌቱ ሌላም ነገር ይናገራል፤ ሁሉም መስመር ሁልጊዜ ሥራ ላይ ከሆነ ደንበኛው እየተመለሰ ነው። ስለዚህ በአገልግሎት ሥራ ከአቅሙ ከፊሉ ሥራ ፈትቶ መገኘቱ ሁልጊዜ ብክነት አይደለም፤ የአገልግሎቱ አንድ ክፍል ነው።

በኤሌክትሪክ በኩል ተመሳሳዩን ጥያቄ የመለሰው ፈረንሳዊው ማርሴል ቧቶ ነው። በ1946 በተቋቋመው የፈረንሳይ መንግሥት የኤሌክትሪክ ድርጅት ውስጥ የሠራው ቧቶ በ1949 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፍጆታው ከፍተኛ በሚሆንበት ሰዓት የሚጠቀም ደንበኛ ለማመንጫው ግንባታ የሚወጣውንም ወጪ መሸከም እንዳለበት፣ ፍጆታው ዝቅ በሚልበት ሰዓት የሚጠቀመው ግን ለኃይሉ የሚወጣውን ብቻ ሊከፍል እንደሚገባው አስረዳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲስ ማመንጫ የሚያሠራው በሌሊት የሚጠቀመው ሳይሆን በምሽት ሁሉም መብራት በሚያበራበት ሰዓት የሚጨመረው ሰው ነው። ድርጅቱ በ1950ዎቹ ለትልልቅ ደንበኞች ያወጣው፣ በተለምዶ አረንጓዴ ታሪፍ የተባለው የሰዓትና የወቅት ዋጋ የዚህ ሐሳብ ፍሬ ነው። ሲንጋፖርም በ1975 በመሐል ከተማ በሥራ መግቢያ ሰዓት ለሚገቡ መኪናዎች ክፍያ ስትጥል በመንገድ ላይ የሠራችው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ዘርፍና የሙዚቀኞቹ ሒሳብ

ኢኮኖሚክስ በአጠቃላይ ለአገልግሎት ስፍራ መስጠት የጀመረው ዘግይቶ ነው። በኒውዚላንድ የተወለደው አለን ፊሸር በ1935፣ ኮሊን ክላርክ ደግሞ በ1940 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ሥራን ከሦስት ከፍለው፣ ኑሮ ሲሻሻል ሠራተኛው ከእርሻ ወደ ፋብሪካ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ዘርፍ እንደሚያልፍ አመለከቱ። ይሁን እንጂ ሦስተኛው ዘርፍ ለረጅም ጊዜ የተረፈውን ሁሉ መጣያ ነበር፤ እርሻና ኢንዱስትሪ ያልሆነው በሙሉ ወደዚያ ይገባል። ቪክቶር ፉክስ በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሠራተኛዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚዳሰስ ዕቃ በማምረት ሥራ ላይ ያልሆነባት የመጀመሪያዋ አገር መሆኗን ካሳየ በኋላ ግን የተረፈ የተባለው ዋናው ሆኖ ተገኘ። ፒተር ሂል በ1977 ባቀረበው ትርጓሜም አገልግሎት ማለት በአንድ ወገን ሰው ወይም ንብረት ላይ በስምምነት በሌላው ሥራ የሚመጣ የሁኔታ ለውጥ ነው ተባለ። የተጠገነ መኪና፣ የተፈወሰ በሽተኛ፣ ከቦታ ቦታ የተጓዘ መንገደኛ ሁሉ በዚህ ትርጓሜ ይጠቃለላሉ።

ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦውን በ1966 ስለ ቴአትርና ሙዚቃ ባሳተሙት መጽሐፍ ያነሡት ነገር ለመሐንዲስ በተለይ ሊያስደንቅ ይገባል። ለአምስት ሙዚቀኞች የተጻፈ የግማሽ ሰዓት ዜማ ሁለት ሰዓት ተኩል የሰው ሥራ ይጠይቃል፤ ይህ ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም ያው ነበር። በዚያው ዘመን ውስጥ ግን አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው ብዙ እጥፍ ሆኗል። የሙዚቀኛው ደመወዝ ከፋብሪካው ሠራተኛ ጋር አብሮ ካላደገ ሙያውን የሚይዝ ሰው አይገኝም፤ አብሮ ካደገ ደግሞ የዜማው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዓመት በዓመት ይወደዳል። የመምህሩ፣ የሐኪሙና የጥገና ባለሙያው ነገርም ከዚህ አይለይም። የትምህርትና የሕክምና ወጪ ማደግ ብቻውን የአስተዳደር ጉድለት ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ባውሞል እንዳስገነዘበውም፣ የሌላው ዘርፍ ምርታማነት እስካደገ ድረስ ኅብረተሰቡ ይህን ወጪ የመሸከም አቅም አለው።

በአገራችን

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ኢኮኖሚ ታሪክ በብዙ በኩል የአገልግሎት ታሪክ ነው። የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ በ1945 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን ጀመረ። የዓለም ባንክ በ1950 ለኢትዮጵያ የሰጠው ብድር በአፍሪካ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ከዚሁ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ፣ 2 ሚሊዮኑ ለልማት ባንክ የተመደበ ነበር። በ1951 ደግሞ ለቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተጨመረ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1951፣ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1952 ተቋቋሙ። ሦስቱም ብድሮች ለአገልግሎት መስጫ የዋሉ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባዋል።

የቆቃ ግድብ በ1960 ሥራ ሲጀምርም የማይከማቸውን የማከማቸት ዘዴ አብሮ መጣ። ኤሌክትሪክ አይቀመጥም፤ ውሃው ግን ለምሽቱ ሰዓት ይጠበቃል። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በዚህ በኩል ሲታይ ትልቁ መጋዘናችን ነው። ሆኖም መጋዘኑ ቢሰፋም ማስተላለፊያ መስመሩና የአካባቢው ትራንስፎርመር የምሽቱን ጭነት መሸከም አለባቸውና የቧቶ ጥያቄ አልተነሣም።

የዱፕዊ ጥያቄም አብሮን አለ። በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነትና እንደ ርቀቱ የሚከፈልበት ሲሆን፣ በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው የድሮው መንገድ ያለ ክፍያ በጎኑ ይገኛል። ለተማሪም ለመሐንዲስም ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ የለም። ሾፌሩ ከሁለቱ አንዱን በመረጠ ቁጥር ጊዜው፣ ነዳጁና የመኪናው ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያወጣለት በተግባር ይናገራል። ክፍያው ከፍ ሲል በድሮው መንገድ ላይ የሚጨመረው ጭነት፣ የሚጎዳው አስፋልትና የሚዘገየው አውቶቡስ ግን በክፍያ ጣቢያው መዝገብ ላይ አይታዩም። የመንገዱን ዋጋ ከክፍያ ጣቢያው ገቢ ብቻ የሚያሰላ ሰው የሂሳቡን ግማሽ ብቻ አይቷል።

ለትምህርቱ የሚበጀው

የአገልግሎት ዘርፍ በኢትዮጵያ አጠቃላይ ምርት ውስጥ ያለው ድርሻ በቅርብ ዓመታት ከግብርና ጋር ተቀራራቢ ሆኗል። ስለዚህ የአገልግሎት ኢኮኖሚክስ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በመጨረሻው ዓመት እንደ ምርጫ ትምህርት የሚቀመጥ ተጨማሪ ነገር ሊሆን አይገባም። ለኢኮኖሚክስ ተማሪ የኤርላንግ ስሌት፣ ለምህንድስና ተማሪም የዱፕዊ ድልድይ ቢሰጠው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይማራል። ይህም ከባድ ሂሳብ የሚጠይቅ አይደለም። አንድ የክፍያ መንገድ፣ አንድ የስልክ ማዕከል፣ አንድ የመማሪያ ክፍል ተይዞ አቅሙ ስንት ነው፣ መቼ ይሞላል፣ መቼ ባዶ ይሆናል፣ በዋጋው ምክንያት የቀረውስ ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

በዛሬው ጊዜ የአዋጪነት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ፕሮጀክቱ ዕዳውን በስንት ዓመት ይመልሳል የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አበዳሪ ይጠይቀዋልና። ነገር ግን መሐንዲሱ ስለ ጥቅሙ የሚነገረውን ለገንዘብ ያዡ ብቻ ከተወ፣ ከወንዙ ማዶ የቀሩት 600 ሰዎች በማንም መዝገብ አይገኙም። እነርሱን ቆጥሮ ያሳየው የመጀመሪያው ሰው የድልድይ መሐንዲስ ነበር፤ ቆጠራውን መቀጠልም የሙያው አንድ ክፍል ነው።